ያን ማታ ግቢው ውስጥ ምን ተባባሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ፣ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ነው። የበኩር ልጃችን 24 ዓመቱ ነው፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራል። አምና ፋሲካን ሊውል መጥቶ ገበታ ላይ እንዳለን፣ «እኔ እንኳን ፈጣሪ አለ ብዬ አላምንም» አለ። ለካ ማመን ያቆመው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለ ነው። ለእኛ ሲል እየጾመ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እየመጣ ከአባቱ ጋር ይከራከራል። ስልኩን አውጥቶ ጥቅስ ያነባል። «አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ላይ ጡት የሚጠባው ሳይቀር ይገደል ተብሏል፤ ይሄ ምን ዓይነት አምላክ ነው?» ይላል። የማቴዎስና የሉቃስ የትውልድ ሐረግ አይገጥምም ይላል። አባቱ መጽሐፉን ዘርግቶ ይመልስለታል። ቡናው በረካ ሳይደርስ መጯጯህ ነው። እኔ መሃል ገብቼ አበርዳለሁ። ልጄ ድሮም የልቡን የሚነግረው ለእኔ ነበር፤ ለአባቱ የማደርስለት እኔ ነኝ። አባቱም ለእሱ የሚለውን በእኔ በኩል ነው የሚለው። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖረናል።

ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴ፣ «በ77ቱ ድርቅ ከኮረም መጠለያ በሕይወት ያወጣኝ ፈጣሪ ነው» ሲለው፣ ልጄ «ያላወጣቸውስ?» አለው። (የባለቤቴ ሁለት ታናናሾች እዚያ ቀርተዋል። ይህን የነገረችኝ አማቴ ናት።) ባለቤቴ ተነስቶ ወጣ። ልጄም ተከተለው። እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አልነገሩኝም። ሲገቡ ባለቤቴ አልቅሶ ነበር። በማግስቱ ለልጄ ደወልኩና «አባትህ ግፊቱ ተነስቶበታል፣ ለጊዜው አትምጣ» አልኩት። ግፊት የለበትም። ለባለቤቴ ደግሞ «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩት። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ግን ባለቤቴ ዝም ብሏል፤ ልጄም ስደውል ቶሎ አያነሳም።

እኔ ያደግኩት አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን በነበሩበት ቤት ነው። ሃይማኖት አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም። አሁን የቅሬው (የዕድሩ) ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይለናል? ልጄን የሚመልስልኝ፣ ካልሆነም ዝም የሚያሰኝልኝ ምክር ይስጡኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። በመጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። ልጅዎን ወደ እምነት የሚመልስ ምክር የለኝም፤ ሥራዬም አይደለም። ዝም የሚያሰኘው ምክር ደግሞ ቢኖረኝም አልሰጥዎትም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገርዎ።

ስለ ክርክሩ ትንሽ ልበል። ልጅዎ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ትናንት ከስልክ የወጡ አይደሉም። የሁለቱ ወንጌላት የትውልድ ሐረግ ለምን ተለያየ የሚለውን፣ ዩልዮስ አፍሪካኖስ የሚባል ክርስቲያን ጸሐፊ በ3ኛው መቶ ዘመን ጽፎበታል። ሰው ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር ያቆምለታል የሚለውን የኦሪት ሥርዓት ይዞ፣ አንዱ ወንጌል የሥጋ አባትን፣ ሌላው የሕግ አባትን ቆጥሯል ብሎ መለሰ። ባለቤትዎም ይህንኑ ሳይሉት አልቀሩም። የማያምኑ ሰዎች ደግሞ «ይሄ የግድ ለማስማማት የተፈለገ መልስ ነው» ይላሉ። ልጅዎ ከሳሙኤል የጠቀሰው የአማሌቅ ሕፃናት ነገርማ ብዙ አማኝንም እንቅልፍ የነሳ ነው። አንዱ የአምላክ ፍርድ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሌላው የዘመኑ የጦርነት አነጋገር ነው ይላል። የማያምነው፣ መጽሐፉን ሰው እንደጻፈው ማስረጃ አድርጎ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አያልቅም። ስለዚህ አንዳቸው እንዲረቱ አይጠብቁ።

መጠየቅም ቢሆን ለመጽሐፉ እንግዳ አይደለም። ኢዮብን ያስታውሱ። ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ይከራከሩታል። እሱ ግን ፈጣሪውን ራሱን ይሞግታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱት ጠበቆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ስለ ጩኸቱ ብዙ ጽፈዋል። ስለዚያ ማታ ግን «ምን እንደተባባሉ አላውቅም» ብለው አለፉ። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ልጅዎ የፈለገው መርታት ብቻ ቢሆን፣ አባቱ ተነስተው ሲወጡ ረትቷቸው ነበር። ቡናውን እየጠጣ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ተከትሏቸው ወጣ። ደግሞስ ይህ ወጣት ለምን ይመጣል? ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ፣ ባለችው የእረፍት ቀን የሐረጎን ዳገት እየወጣ የሚመጣው የሳሙኤልን መጽሐፍ ሊያነብ ነው? የ24 ዓመት ልጅ እሁዱን የሚያሳልፍበት አያጣም። በሃይማኖት ነገር በእውነት የቆረጠለት ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው። አባቱንም «እሺ» እያለ ይሸኛቸው ነበር። እስከ አምና ሲያደርግ የኖረውም ይህንኑ ነው።

ከክርክሩ በፊት አባትና ልጅ ምን ያወሩ እንደነበር ደብዳቤዎ ውስጥ ፈለግኩ። ያገኘሁት እርስዎን ነው። ልጁ ለእርስዎ ይነግራል፣ እርስዎ ለአባቱ ያደርሳሉ። አባትየውም በእርስዎ በኩል ይመልሳሉ። ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ፊት ለፊት አልተነጋገሩም ማለት ነው። መሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ስለዚህ ነገር ብዙ ሠርቷል። ሁለት ሰዎች መሃል ያለው ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፣ ነገሩ ሦስት ማዕዘን ይሆናል ይላል። ሦስተኛው ሰው ሲገባ ውጥረቱ ረገብ ይላል፤ ሁለቱ ግን ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ ይኖራሉ። በእኛ አገር ይህ ሦስተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ማንም ሳይሾማት ትሾማለች፤ ማንም ሳያመሰግናት ትደክማለች።

ታዲያ አምና ምን ሆነ? አባትና ልጅ ያለ እርስዎ የሚያወሩበት ነገር አገኙ። ብዙ አባትና ልጅ በኳስ ያወራል፣ ወይ መኪና ሲጠግን ያወራል። የእርስዎዎቹ ሳሙኤልና ሉቃስ ላይ ተገናኙ። አማራጭ ቢሰጠኝ እኔም ቀለል ያለ ነገር እመርጥላቸው ነበር! ግን ሌላ አልነበራቸውም። እሳቸው ከሁሉ በላይ የሚወዱትን ነገር ነው ልጁ የነካው። ስለዚህ ሰዓታት ሙሉ ዓይን ዓይኑን እያዩ መለሱለት። ይህን ያህል ጊዜ ከዚያ በፊት ሰጥተውት ያውቃሉ?

ቀጥሎ የምለው ሊከብድዎት ይችላል። ብሳሳት ደስ ይለኛል። ለወራት ሲጯጯሁ ለልጅዎ ደውለው «አትምጣ» አላሉትም። የደወሉት ጸጥ ብለው አብረው ከተቀመጡበት ማታ ማግስት ነው። ሲጯጯሁ እርስዎ ሥራ ነበርዎት፤ መሃል ገብተው ያበርዱ ነበር። ያን ማታ ግን ባለቤትዎ አልቅሰው ሲገቡ፣ ያለቀሱበትን የሚያውቀው ልጅዎ ሆነ። እርስዎ ስለነዚያ ታናናሾች የሰሙት ከአማትዎ ነው። ምናልባት ልጁ ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ ይሆናል። ከሁለቱም ጸጥታ ውጭ ቀርተዋል። ይህ ያማል። ለዓመታት የሁለቱን ምሥጢር ሲሸከሙ ለኖሩ ሰው ደግሞ የበለጠ ያማል። ያስፈራዎት የልጅዎ አለማመን ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ከዚያ ስልክ በኋላ በሁለቱ በኩል ያለውን ይመልከቱ። ባለቤትዎ አርባ ዓመት ያልነኩትን ነገር አንስተው ልጃቸው ፊት አለቀሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ ቀረ። «ሥራ በዝቶበት ነው» ቢሏቸው ያምናሉ? እኔ ብሆን «ማልቀሴን አይቶ ሸሸኝ» እላለሁ። ልጁም በበኩሉ አባቱን ያንን ጥያቄ ጠየቀ። በማግስቱ አባትህ ታመመ ተባለ። «ያሳመምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተቀምጧል። ስልክ ቶሎ የማያነሳው ተቆጥቶ ሳይሆን ጥፋተኝነት ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያን ማታ የከፈቱትን በር እንደ ስህተት እየቆጠሩት ነው። እርስዎ ለሰላም ብለው ነው የዋሹት፤ አውቃለሁ። ውጤቱ ግን ይህ ነው።

ፍርሃትዎን አላቃልለውም። ለአማኝ እናት ልጇ «አምላክ የለም» ሲል ነገሩ የቅሬው ሰው ምን ይለናል ከሚለው ያልፋል። የልጇ ነፍስ ጉዳይ ነው። ሌሊት እየተነሱ ቢጸልዩለት ማንም አይፈርድብዎትም። ስለ ቅሬው ግን ብዙ አይጨነቁ። የወሎ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ላይ ሆኖ ቀባሪ ነው፤ ከዚህ የባሰ ልዩነት አስተናግዷል።

«ሃይማኖት አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም» ያሉት ነገር ደግሞ አሳሰበኝ። ወሎ ስለ መቻቻል ስትመሰገን እኛም ደስ ይለናል። ግን ያ መቻቻል በዝምታ የመጣ ይመስልዎታል? እስኪ ሰርግ ያስታውሱ። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ከብት ለብቻ ይሰጣል። እነሱ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ለብቻ ይሠራሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ። «ሥጋው አንድ ነው፣ ዝም ብላችሁ ብሉ» ያለ የለም። ልዩነቱ በግልጽ ተነግሮ፣ ቦታ ተሰጥቶት፣ ድስት ተጥዶለት ነው ሰዉ አብሮ የሚጨፍረው።

ዝም የማሰኘቱን መንገድም ወሎ ታውቀዋለች። ከደሴ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት የሃይማኖት ክርክር ተደርጎ በአዋጅ ተዘጋ። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረው ብዙ ነው። ልጅዎ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በልቡ ሳያምን ሲጾም ኖረ ብለውኛል። «ዝም አሰኙልኝ» ሲሉኝ ወደዚያ እንድመልሰው ነው የሚጠይቁኝ። ያኔም እኮ አላመነም ነበር። እርስዎ አላወቁም እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ዝርዝር የለኝም። ለሁለቱም እውነቱን ይንገሯቸው። ለልጅዎ፣ «አባትህ አልታመመም፣ እኔ ነኝ እንድትቀር ያደረግኩት፣ ፈርቼ ነው» ይበሉት። ለባለቤትዎም እንዲሁ። ልጁ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። እሁድ ሲመጣ ቡናዎን ያፍሉ። ሲጀምሩ መሃል አይግቡ። ቢከብድዎት ጎረቤት ቡና ይጠጡ። ስድብ ወይም መናናቅ ከመጣ ግን ያ ሌላ ነው፤ የቤቱ እናት ነዎትና «በዚህ ቤት አንሰዳደብም» ማለት መብትዎ ነው። ልጅዎም ቢሆን አባቱን በጥቅስ ማፋጠጥና ማዋረድ ልዩነት እንዳለው ቢነገረው አይጎዳም። ያን ማታ ምን እንደተባባሉ አይጠይቁ። ባለቤትዎ ለእርስዎም የሚነግሩበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ላይመጣም ይችላል።

የ24 ዓመት ሰው የዛሬ አቋም የዕድሜ ልክ ላይሆን ይችላል። ግን «ይመለሳል» ብዬ ቃል አልገባልዎትም። እርስዎም በዚያ ተስፋ ብቻ አይታገሡት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ባለቤትዎ ዝምታቸው ከበረታ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከተዉ፣ ወይም የኮረሙ ጊዜ በሕልም እየመጣ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ቢቀርቡ ጥሩ ነው። የንስሐ አባታቸውም ሊያግዟቸው ይችላሉ፤ ከልጁ ጋር ይከራከሩልኝ ተብለው ካልተጠሩ።

ከተቻለ ደግሞ ሦስታችሁም የቤተሰብ አማካሪ ፊት ለፊት ብታገኙ ይሻላል። እነሱ እምቢ ካሉ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ አባትዎ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ሲያርፉ የት ቆመው እንደቀበሯቸው፣ ክርስቲያኗ ልጃቸው ያን ቀን ምን እንደተሰማት አልነገሩኝም። እሱን ለአንድ ሰው ማውራት ያለብዎ ይመስለኛል።