ሞተርና መኪና ሲጋጩ ጥፋተኛው ማነው?

እህቴ፣ በቅድሚያ ወንድምሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ነገሩን እንደተረዳሁት፣ ወንድምሽ በሞተር ሲሄድ አቶቴ አካባቢ አንዲት ቪትዝ መኪና በግራ ሊቀድም ሲል መኪናዋ ወደ ግራ ቅያስ ታጠፈችና ተጋጩ። ሹፌሩ «ከኋላ የመጣው ነው ጥፋተኛ» ይላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ባለመኪናው ይክፈል» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

እዚሁ ሐዋሳ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጋጨ መኪና አካል አቃናለሁ። ብዙ የተጋጨ ሞተርና መኪና እጄ ገብቷል። መጀመሪያ የማየው ምቱ የት እንዳረፈ ነው። ጭረቱ ከግራ የኋላ በር ተነስቶ ወደ ፊት ፓራፋንጎ ከተሳበ፣ ሞተሩ ጎኗ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ሹፌሩ ስፖኪዮ ቢያይ ያየው ነበር። የኋላ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ የገባ ስርጉድ ከሆነ ግን መኪናዋ ቀድማ ታጥፋለች፤ ጥያቄው ወደ ወንድምሽ ይዞራል። ፍሬቻ አብርታ ከነበረማ ይብስበታል። መጋጠሚያ ላይ መቅደም ክልክል ነው፣ ይሄን አልደብቅሽም።

ማስረጃ ከሌለስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥራል። ባለንብረቶቹ ጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ሞተርም ተሽከርካሪ ነው። ለምሳሌ የመኪናዋ ጉዳት 60 ሺህ፣ የእናንተ ደግሞ 140 ሺህ ብር ቢሆን ድምሩ 200 ሺህ ነው። እያንዳንዱ 100 ሺህ ይሸከማል፤ ባለመኪናው በራሱ 60 ሺህ ስለደረሰበት ቀሪውን 40 ሺህ ለእናንተ ይከፍላል። ይህ የማይሠራው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሞተረኛው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ያነሳል፤ ቦታው ላይ የሚናገረው ሹፌሩ ብቻ ነው። ወንድምሽ መናገር ከቻለ ቃሉ ይመዝገብለት፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

መኪናዋን ደግሞ ጋራዥ ሳትገባ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሷት። አንዴ ስቱኮ ከተለጠፈበት ጭረቱ የለም። የሞተሩን መሪና የእግር መርገጫም አንሱ፤ የመኪናዋ ቀለም ተላልፎበት ሊሆን ይችላል። መንገድ ዳር ካሜራ ያለው ሱቅ ካለ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ካሜራው በቀድሞው ቀረጻ ላይ እየቀዳ ያጠፋዋል። ሽማግሌ ቢመጣ በክብር ተቀበሉ፤ ነገር ግን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሳችሁን ሳታናግሩ «ጥፋቱ የኛ ነው» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ።