“በ42 ተዘጋ” ብለሽ ለጻፍሽልኝ ዐቃቤ ሕግ

ወረፋ የያዙ ሌሎች ደብዳቤዎች አሉ። ያንቺን ግን ማሳደር አልቻልኩም።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ክፍለ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ ሦስተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ከተማርሽው ሁሉ የአካባቢ ሕግ ይበልጥብሻል። አምና ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች “ቆዳ ፋብሪካው ሌሊት ሌሊት ፍሳሹን ይለቅብናል” ብለው አመለከቱ፣ ፖሊስ መዝገብ አደራጅቶ ላከ፣ መዝገቡም በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ልብሽ ሸፍቷል። አሁን አንድ ባንክ በእጥፍ ደመወዝ ለሕግ ክፍሉ ሊወስድሽ ነው። እናትሽ “እንጀራሽን አትግፊ” ብለውሻል። አንቺ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ “በዚህ አገር የአካባቢ ዐቃቤ ሕግ የሚባል ሙያ አለ ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው?”

አለ። በዚህ ስም የወጣ የቅጥር ማስታወቂያ ላታገኚ ትችያለሽ፣ ሥራው ግን ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጧል።

ሕግ የለም የሚልሽን ሰው አትስሚው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ 519፣ 520 እና 521 አሉት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አለ። እርግጥ ነው፣ 519 ላይ ያለው የ10,000 ብር መቀጮ ዛሬ ፋብሪካ አያስደነግጥም። ግን ያው አንቀጽ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፣ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ይሄዳል። አዋጅ 300 በበኩሉ ፍርድ ቤቱ ከቅጣቱ በላይ ጥፋተኛው ያበላሸውን አካባቢ ወደ ነበረበት እንዲመልስ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ብሆን ከመቀጮው ይልቅ ይህችን ነበር አጥብቄ የምይዘው፣ ምክንያቱም ባለፋብሪካውን ኪሱ ድረስ የምትገባው እሷ ናት።

ታዲያ መዝገቡ ለምን ተዘጋ? አንቺው በጻፍሽልኝ መሠረት ውስጡ የነበረው የነዋሪዎች የምስክርነት ቃል፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ እና በሃይላንድ ተቀድቶ ጣቢያ ውስጥ ሳምንት የከረመ ውሃ ነው። እህቴ፣ ያ ውሃ ላቦራቶሪ ቢደርስም ምንም አይናገርም። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መጠን፣ እዚያው ወንዙ ዳር መለካት አለበት። የሚበሰብሰው ቆሻሻ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ የሚያሳየው፣ ባለሙያዎቹ ቢኦዲ የሚሉት ምርመራ ደግሞ ናሙናው በበረዶ ሳጥን ቀዝቅዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም። ቆዳ ለማልፋት ለሚውለው ብረት፣ ለክሮሚየም፣ ሌላ ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት። ይህን ሁሉ ፖሊሱ ከየት ያውቀዋል?

ከዚያ ቦታው አለ። አቃቂን በመሰለ ወንዝ ዳር ፋብሪካው ተደርድሯል። ከወንዙ መሀል ብቻ ከተቀዳ የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው “ይሄ ከላይኛው ፋብሪካ እንዳልመጣ በምን አወቅክ?” ነው፣ ምስክሩም ዝም ይላል። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው ከፋብሪካው በላይ፣ ከራሱ ከፍሳሽ ቱቦው አፍ፣ እና ከፋብሪካው በታች ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የቀዳው ሰው ስም ይጻፋል፣ ይታሸጋል፣ ታዛቢ ይፈርምበታል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ማን ለማን እንዳስረከበ ይመዘገባል። በመጨረሻ ውጤቱ ከተፈቀደው የፍሳሽ ደረጃ ጎን ይቀመጣል፣ 519 የሚቀጣው ሕግ ተላልፎ የበከለን ሰው ስለሆነ ደረጃው መታለፉን ካላሳየሽ ክስሽ አይቆምም።

ይህን ማዘዝ ያንቺ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። መዝገብ ለተጨማሪ ምርመራ ሲመለስ “ማስረጃው ተሟልቶ ይቅረብ” ተብሎ ይጻፍበታል። ምን ይሟላ? ከማን? እስከ መቼ? መርማሪው አይገባውም፣ ስለዚህ ያንኑ መዝገብ አንድ ገጽ ጨምሮ ይመልሰዋል፣ ከዚያም ይዘጋል። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዞን ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ለመርማሪ የሚጻፈው ደብዳቤ ግልጽ ሲሆን መዝገቡ ሲያብጥ አይቻለሁ። ከላይ የዘረዘርኩልሽን በአንድ ገጽ ጻፊው፣ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ጋር አንድ ቀን ቦት ጫማ አድርገሽ ወንዙ ዳር ውረጂ፣ ላቦራቶሪ ሄደሽ ከኬሚስቱ ጋር ቡና ጠጪ። ይህን የሚያውቅ ዐቃቤ ሕግ በጣም ጥቂት ነው። ሙያ አለ ወይ ላልሽኝ መልሴ ይሄ ነው፦ ያለው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው።

ደግሞስ ወንዝ ብቻ ነው ያለው ማን አለ? በሕገ ወጥ መንገድ የተጨፈጨፈ ደን በአዋጅ 1065/2010፣ የዱር እንስሳ በዱር እንስሳት አዋጁ ይከሰሳል። በመጋቢት 2007 አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጥሏል፣ ብዙው ከኮንትሮባንድ ተይዞ ለዓመታት የተከማቸ ነው። ከያንዳንዱ መያዝ ጀርባ መዝገብ የሚያደራጅ ሰው አለ።

ሌላ አገር ደግሞ ሙያው አድጎ ትልቅ ሆኗል። ብራዚል በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ አካባቢን የመጠበቅ ክስ ለዐቃብያነ ሕግ ሰጠች። በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ብሩማዲኞ ላይ የብረት ማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው ሲያልቅ፣ የግዛቲቱ ዐቃብያነ ሕግ በዓመቱ የግድቡን ባለቤት ኩባንያ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጨምሮ 16 ሰዎችን በግድያ ከሰሱ። የያዙት ክርክር ግድቡ አደጋ ላይ መሆኑ እየታወቀ አስተማማኝ ነው የሚል ማረጋገጫ ተሰጠ የሚል ነው። ዋናው ነገር እዚያም ሰነድ ነው። እኛም ቆሼን አንረሳም፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሻሻው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። አካባቢ የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እናትሽን አከብራለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ከእናትሽ ጋር ነው የምትኖሪው፣ የቤት ኪራይ የለብሽም። እጥፍ ደመወዙን የሚፈልገው የወንድምሽ የግል ኮሌጅ ክፍያ ነው። ወንድምሽ 22 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሹን መማር ይችላል። ቤተሰብ መርዳት ግዴታሽ ነው ብትዪኝ እስማማለሁ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዕቅዱን በአንቺ ደመወዝ ላይ ሲያወጣ ግን ያ መረዳዳት መሆኑ ቀርቷል። የምትችዪውን ወርሃዊ ቁጥር ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በላይ አትጨምሪ። ቤት የምትከራዪ ወይም ልጅ የምታሳድጊ ብትሆኚ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ባንኩ የትም አይሄድም። እዚያ የገቡ የክፍል ጓደኞቼ ደህና ይኖራሉ፣ ውሏቸው ግን የብድር ውልና የመያዣ ወረቀት ነው፣ ችሎት ከናፈቃቸው ቆይቷል። አምስት ዓመት ችሎት የቆመን ሰው ባንክም ይፈልገዋል፣ በውጭ ብድር የሚሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶችም የአካባቢና ማኅበራዊ ጉዳት የሚከታተል ሰው ይቀጥራሉ።

ማስተርስ ልማር ወይ ላልሽኝ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ መዝገብ ፍርድ ላይ አድርሺ። እንግሊዝኛሽ ደብዳቤውን እንደጻፍሽበት አማርኛ ባይሆንም ይሻሻላል፣ በየቀኑ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፍርድ አንብቢ። አለቃዬ ቢቆጣስ ላልሽው ደግሞ ሁሉንም በጽሑፍ አድርጊው፣ በቃል የታዘዝሽውንም ማስታወሻ ያዢበት።

ሁለት ዓመት ስጪው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የብክለት ክስ ማስከፈት ካልቻልሽ ልቀቂ፣ እኔም አልወቅስሽም።

እስከዚያው ግን ነዋሪዎቹን አትርሺያቸው። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡት ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መንገዱ አልጋ ባልጋ ነው አልልሽም፣ ከዓመታት በፊት አንድ የሲቪክ ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ ሄዶ አልተሳካለትም። ግን የእነሱ አቤቱታና ያንቺ መዝገብ ጎን ለጎን ቢሄዱ ተቆጣጣሪው ወንዙ ዳር መውረዱ አይቀርም። ናሙናው በበጋ ይወሰድ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ፍሳሹን ያቀጥነዋል፣ ያኔ ከወንዙ የተቀዳው ናሙና ቁጥሩ ሊወርድብሽ ይችላል።