20 ከ20 ያገኘው ድርሰት ሰልፍ ላይ ምን ነካው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ስለ እምቦጭ የጻፍኩት ድርሰት 20 ከ20 አገኘ። መምህራችን «ጠዋት ሰልፍ ላይ አንብቢው» አሉኝ። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተማሪው ወሬውን ጀመረ። ጭራሽ አንድ ቦታ ላይ ሳቁብኝ። ድርሰትና ንግግር ያው አይደሉም እንዴ? ድርሰቱን ልኬልዎታለሁ።
የጣናዋ ልጅ

መልስ፦ አይዞሽ ልጄ። ድርሰትሽን ሐይቁ ዳር ቡናዬን ይዤ ሁለቴ አነበብኩት። 20ው ይገባሻል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ልለው ስል ግን ትንፋሽ አጠረኝ፦ «ከደቡብ አሜሪካ የመጣውና በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው፣ የአስጋሪውን መረብ የሚይዘውና የጀልባውን መንገድ የሚዘጋው እምቦጭ ሐይቃችንን እያነቀው ነው።»

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። አንባቢ ቢጠፋበት ዓይኑን ወደ ላይ ይመልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ ተማሪ ምኑን ይመልሳል? ለጆሮ ከሆነ ቆራርጪው፦ «እምቦጭ ጣናን እያነቀው ነው። መረብ ይይዛል። የጀልባ መንገድ ይዘጋል። እምቦጭ!» መደጋገሙ ድርሰት ላይ ነጥብ ያስቀንስሻል፤ ሰልፍ ላይ ግን ወሬ የጀመረውን ልጅ ይመልስልሻል።

የሳቁብሽ የት ላይ እንደሆነም ገምቻለሁ። «የጣና ዓሦች ሁሉ ይበላሉ» ብለሻል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «በ»ን አላልተሽ ካነበብሽው ዓሦቹ ራሳቸው በሊታ ሆነው አረፉ! «ዓሦቹን እንበላቸዋለን» ብትይ ከጣጣው ትድኛለሽ።

ወረቀት መያዝሽ ግን ነውር የለውም። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ በአማርኛ የተናገሩት ከወረቀት ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨታቸውን ሲያቀልጡት ዝም ብለው ጠበቁ። ያ ዝምታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እኔ በወጣትነቴ ጡረታ ለወጣ ባልደረባዬ ሦስት ገጽ ስንብት ጽፌ ነበር። ግብዣው እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። ነፋሱ ሁለተኛዋን ገጽ ይዟት ወደ ጣና ሄደ። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ዘለልኩ። ማንም ልብ አላለም! ምርጧ ገጽ እኮ እሷ ነበረች።

እስቲ እናትሽ ወጥ ስትሠራ ድርሰትሽን አንብቢላት። «ምን አልሽ?» ያለችሽ ቦታ ላይ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጊና መልሰሽ ላኪልኝ።