38 ወይስ 52? የጨቅላን ስኳር በግሉኮሜትር ስለመለካት

እህቴ፣ 2.1 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ ስኳሩ መጀመሪያ 38 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በዚያው ማሽን 52፤ ላቦራቶሪው ሌሊት ዝግ ነው፣ «የትኛውን እንመን?» ብለሻል። በእኔ እይታ ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው። ማሽኑ ሳይበላሽም ይህን ያህል ይለያያል።

ግሉኮሜትር፣ በአንድ ጠብታ ደም ስኳር የሚለካው ትንሽ ማሽን፣ የተሠራው የስኳር ሕመም ያለበት አዋቂ ቤቱ ሆኖ እንዲለካበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) መስፈርት፣ ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን ከመቶ ውጤት 95ቱ ከትክክለኛው በ15 ሚሊግራም ውስጥ ከሆኑለት ማሽኑን ያሳልፈዋል። አዋቂው 85 ሆኖ 98 ቢነበብለት ምንም አይደለም። የአንቺ ልጅ 45 ሆኖ 31 ወይም 59 ቢነበብ ግን ማሽኑ ያው አለፈ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ዝቅተኛ የሚባልበት መቁረጫ 40 ነው 45 ነው እያልን በአምስት ቁጥር እንከራከራለን!

የጨቅላ ደም ወፍራም መሆኑም አለ። ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙት እጅ ከመቶ) 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙዎቹ ስትሪፖች (ደሙ የሚነካባቸው የማሽኑ ቁራጮች) ከእውነተኛው አሳንሰው ያነባሉ። ደም ባነሰው ልጅ ላይ ግን አስበልጠው ያነባሉ፤ እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው፣ ደህና ነው ብለሽ ጥለሽው ትሄጃለሽና።

በሐሰት ከፍ ብሎ ስለሚያታልል ቁጥር ካነሳሁ፣ ጀማሪ ሳለሁ የ1.6 ኪሎ ልጅ ለክቼ 170 ምናምን አገኘሁ። በደም ሥሩ የሚገባውን የስኳር ፈሳሽ ልንቀንስ ስንል ልጁ ዝልፍልፍ ብሏል፣ ጡትም አይስብም። አብራኝ ያደረችው አንጋፋ ነርስ ማሽኑን ሳይሆን እጄን አየችና «ጓንትሽን ቀይሪ» አለችኝ። ለጎረቤቱ ልጅ ባለ 40 ዴክስትሮስ (ከመቶ 40 እጁ ስኳር የሆነ ፈሳሽ) አምፑል የሰበርኩት ገና አሁን ነበር፤ ስኳሩ ጓንቴ ላይ ነበር። ተረከዙን በውኃ አጥበን፣ አድርቀን ስንለካ 24። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩና ልጁ ካልተስማሙ የማምነው ልጁን ነው።

ተረከዙ ከቀዘቀዘ ሦስት አራት ደቂቃ በሞቀ ጨርቅ አሙቂው። ጎን ጎኑን እንጂ መሐሉን አትውጊ። አልኮሉ ይድረቅ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጊያት፣ እግሩን አትጭመቂ። የስትሪፑን ጠርሙስ ክዳን ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው በየክፍሉ አለ፤ እርጥበት ሲገባው ያ ስትሪፕ አይታመንም። ማሽንሽ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ18 አባዢው።

ላቦራቶሪ ይሻላል የሚሉሽ ትክክል ናቸው፣ ናሙናው ቶሎ ከደረሰ። በተራ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ካደረ ቀይ ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉት ይወርዳል፤ በጨቅላ ደም ደግሞ ይፈጥናል። ግራጫ ክዳን ያለው ፍሎራይድ ቱቦም ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት ያን ያህል አያቆመውም። ጠዋት እስኪከፈት የተቀመጠ ናሙና «18» ብሎ ሲመጣ ግሉኮሜትሩን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱን ማየት ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ። ካንቀጠቀጠው፣ ከዛለ ወይም ትንፋሹ ከተቋረጠ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፤ የሚቻል ከሆነ ደሙን ቀድመሽ ውሰጂና ባለ 10 ዴክስትሮስ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ስጪው፣ ከዚያ የስኳር ፈሳሹ ይቀጥል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልኬቱን ድገሚ። ያለሽ ባለ 40 ብቻ ከሆነ አንድ እጁን በሦስት እጅ የመርፌ ውኃ አቅጥኚ፤ እንዳለ በጨቅላ ደም ሥር አይገባም።

ደህና ሆኖ ጡት የሚስብ ከሆነ ግን ለ38ቱ ብዬ መርፌ አልሰካም፣ ለ52ቱም ብዬ አልተወውም። እናቱ ደረት ላይ አድርጌ ይጠባል፣ ካልበቃው ታልቦ ይሰጠዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እለካለሁ፣ ቀጥሎም ከእያንዳንዱ መጥባት በፊት፤ የሚለካው ያው ሰው በያው ማሽን ቢሆን ደስ ይለኛል። በዚህ ማሽን ከ50 በታች ያነበበ ለእኔ ዝቅተኛ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ተከታትሎ ከዚያ በላይ ሲሆንልኝ ነው እፎይ የምለው። ጡት እየጠባም ካልወጣ ግን ፈሳሽ አስጀምሬ ለሐኪሙ እደውላለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሄማቶክሪቱ ተሠርቶለት ከሆነ ጻፊልኝ፤ ደሙ የወፈረ ልጅ ፊቱ ይቀላልና፣ ፊቱስ ቀላ ያለ ነው?