የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአያትና ከልጆች ጋር ወደ ዋሽንግተኑ መካነ እንስሳት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ሦስት ወር አብረውን ይቆያሉ። ልጆቻችን የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። ባለፈው በጋ እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ወደ ዋሽንግተኑ መካነ እንስሳት ወስደናቸው ስንሮጥ ውለን፣ ታናሹ እያለቀሰ፣ እኛም ተኮራርፈን ተመለስን። ዘንድሮ አማቴንም ይዘን መሄድ እንፈልጋለን፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው «እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ይላሉ። ሁላችንም የምንደሰትበት ቀን እንዲሆን ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በመጀመሪያ እማማ ቤት መቅረት የለባቸውም። ባለፈው ዓመት የደረሰባችሁ ድካምም አብዛኛው የመጣው ከቦታው አቀማመጥ ይመስለኛል። የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ እንስሳት በ1889 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ 163 ኤከር የሚሰፋው ግቢው ከኮኔቲከት ጎዳና ተነሥቶ እስከ ሮክ ክሪክ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ሲገቡ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው ብዙ ይሄዳል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው በመመለሻው ሰዓት፣ ልጅ ሲርበውና ጉልበት ሲዝል ነው። እኔም እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስወስዳት ይህን ባለማወቄ በቀጥታ እስከ ታች ወርደን፣ ሽቅብ ስንመለስ በየአግዳሚ ወንበሩ እያረፍን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጅቶብናል።

ስለዚህ ቀኑን ከባቡሩ ጀምረው ያቅዱት። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሣው ቀዩ መስመር ሳትቀይሩ ያደርሳችኋል። ብዙ ሰው የመካነ እንስሳቱ ስም ስላለበት ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ በሩ ያለው መንገድ ግን ዳገት ነው። እናንተ አንድ ጣቢያ ጨምራችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ብትወርዱ መንገዱ ይበልጥ ሜዳማ ስለሆነ እማማን አያደክማቸውም። ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዛችሁ ወደ ዉድሊ ፓርክ ትወርዳላችሁ። በመኪና መሄድ ከመረጣችሁ የማቆሚያው ዋጋ 30 ዶላር ነው፤ እሱንም አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። መግቢያው በነጻ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃን እንኳ ሳይቀር፣ በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መውሰድ ግድ ነው፤ ይህን ረስቶ በር ላይ ስልኩን መነካካት የሚጀምር ቤተሰብ ብዙ ነው።

በሮቹ ከሚከፈቱበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብዙ ሳትዘገዩ ድረሱና በመጀመሪያ ፓንዳዎቹን እዩ። ማደሪያቸው በላይኛው በኩል ስለሆነ ገና ሳይደክማችሁ ትደርሳላችሁ፤ ሙቀት ስለማይስማማቸውም ከቀትር ይልቅ በጠዋቱ የመንቀሳቀስ ዕድላቸው ይበልጣል። ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ ከቻይና የመጡት በ2024 ጥቅምት ሲሆን ለሕዝብ የታዩት በ2025 ጥር ነው። ለእማማ ደስ የሚላቸውን አንድ ነገር ልጨምር፦ የባኦ ሊ እናት ባኦ ባኦ የተወለደችው በ2013 እዚሁ ግቢ ነው፤ አያቱ ሜይ ሺያንግም እስከ 2023 ድረስ ብዙ ዘመን እዚሁ ኖራለች። አያቱ በኖረችበት ግቢ የሚኖር ፓንዳ መሆኑን ለልጆቹ እማማ ራሳቸው ቢነግሯቸው ይበልጥ ያምርበታል።

ከፓንዳዎቹ ቀጥሎ ሁሉን ለማየት አትሞክሩ። ባለፈው ዓመት ያስሮጣችሁ ይህ ይመስለኛል። ለመላው ቀን ሦስት ወይም አራት እንስሳት ይበቃሉ፤ በእያንዳንዱ ዘንድ ግን ቁጭ በሉ። እኔ ብመርጥ ኦራንጉታኖቹን አላስቀርም። አየሩ ሲስማማቸው፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ገመድ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ከጎብኚው አናት በላይ ይሻገራሉ። ለመሻገር ማንም አያስገድዳቸውም፤ ሲፈልጉ ይወጣሉ፣ ሳይፈልጉ ይቀራሉ። አንድ ቀን አንዷ መሐል ላይ ስትደርስ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ቆማ ቁልቁል ስታየን፣ አጠገቤ የነበረች ሕፃን የያዘችውን ብስኩት ወደ አፏ ሳታደርስ አፏን እንደከፈተች ቀርታ ነበር። ታናሹ ልጃችሁ ይህን ቢያይ ሌላ ምንም ባያይ አይቆጨውም።

አንበሶቹና ታይገሮቹ ያሉት ወደ ታች ነው። ወደዚያ እንውረድ ወይስ አንውረድ የሚለውን እማማን ጠይቋቸው፤ «እችላለሁ» ካሉም ለመመለሻው በቂ ጊዜ ተዉ። እሳቸው አዲስ አበባ ያደጉ ከሆነ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ያውቁታል። የዚያ ግቢ አንበሶች ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርድ ሲሆን፣ 15ቱን መርምሮ በ2012 የታተመ ጥናት በዘረ መላቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ልጆቹ የዋሽንግተኑን አንበሳ ጎፈር እያዩ፣ አያታቸው የሚያውቁት አንበሳ ጎፈር እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ በእጃቸው ያሳዩአቸው።

እዚያው ቋንቋም ይማራሉ። ልጆቻችን ታይገሩን «ነብር» ይሉታል፤ በአያታቸው አፍ ነብር ማለት ግን ያ ዥንጉርጉሩ ነው። መጽሐፉም «ነብር ዝንጉርጉርነቱን» የሚለው ለዚህ ነው፤ ታይገሩ ዥንጉርጉር ሳይሆን ባለ መስመር ነው። እናቴና የልጅ ልጇ በዚህ ጉዳይ ሩብ ሰዓት ያህል ሲከራከሩ አዳምጫለሁ፤ የዚያ ቀን ደስታዬ እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ጾም ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን ብለናል። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል ወይስ እዚያው መግዛት ግድ ነው? ከአሌክሳንድሪያ።

መልስ፦ ይቻላል። የጾም ምግብ እዚያ ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስቸግር ምሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወጡ በእንጀራ ተጠቅልሎ ቢሄድ ለልጆች እጅ ይመቻል፤ ሽሮ ግን መንገድ ላይ ስለሚፈስ አልመክርም። ፍልሰታ የሚውልበት ነሐሴ ዋሽንግተን ውስጥ ሙቀቱና ወበቁ የሚበረታበት ወቅት ነው። ስለዚህ የሚያስቀድሱትና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት ትልልቆቹ ውኃ ሳይጠጡ ዳገት ከሚወጡ፣ ጉዞውን ከጾሙ በኋላ ወዳለው ቅዳሜ ቢያሸጋግሩት ይሻላል። ልጆቹ ለእንስሳቱ ምንም እንዳይወረውሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመቱ ልጄ አንበሳውን አይቶ «አባባ፣ ምን አጥፍቶ ታሰረ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እውነት ለመናገር እኔንም ይከብደኛል። ልጆችን ወደዚያ መውሰድ ተገቢ ነው ይላሉ?

መልስ፦ ልጅዎ ትክክለኛ ጥያቄ ስለጠየቀ በማይሆን ምክንያት አይሸንግሉት። አንበሳው ምንም አላጠፋም፤ ከአጥሩ መውጣትም አይችልም፤ ይህን እንዳለ ይንገሩት። እኔ በልጅነቴ በጠባብ ፍርግርግ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጅብ አይቻለሁ፤ የእግሩ ኮቴ ሲሚንቶው ላይ አንድ ቀጭን መንገድ አውጥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እንዲህ ባለ ቦታ ልጅ እንዲደሰት መጠበቅ ልክ አይመስለኝም። ስለዚህ የትም ብትሄዱ በመጀመሪያ ቦታውን እዩ፤ እንስሳው ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ጥግ አለው? የሚቆፍረው አፈር፣ የሚወጣበት ከፍታ አለው? ልጅዎ ራሱ ይህን እንዲፈልግ ቢያደርጉት ያዘነበትን ነገር መርምሮ ይረዳዋል።

እኔ ግን ልጆቼን የምወስደው በአንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። አዋሽ ፓርክን ያየ ሰው ሳላን ያውቃታል። ከሰሐራ ጠርዝ የነበረችው ዘመዷ፣ ቀንዷ እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የቆለመመው ነጭ ሳላ፣ በአደን ምክንያት ከዱር ጨርሳ ጠፍታ በ2000 በዱር የለችም ተብላ ተመዝግባ ነበር። የተረፉት በየመካነ እንስሳቱና በየግቢው የተወለዱት ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ዘር ተውጣጥተው በ2016 ወደ ቻድ ተመልሰው ተለቀቁ፤ የስሚዝሶኒያን ተመራማሪዎችም አንገታቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ በሳተላይት ይከታተሏቸዋል። ዛሬ እዚያው ዱር ውስጥ ይወልዳሉ።

ስለዚህ ልጅዎ «መቼ ይለቀቃል?» ብሎ ቢመለስብዎት፣ ስለ አንበሳው «አይለቀቅም» ይበሉት፤ ከዚያም ቤት ስትገቡ ካርታ አውጥታችሁ ቻድ የት እንዳለች አብራችሁ ፈልጉ።