አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ ሰይፍ የማይጎዳው የመድረክ መንፈስ

ጥያቄ፦ በድሮ የአውሮፓ ቲያትር ሰይፍ አልፎት የሚሄድ «መንፈስ» መድረክ ላይ ይታይ ነበር ይባላል። ያለ ፊልም እንዴት ተቻለ? በትንሽ አዳራሽ ልንሠራው እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ሚስጥሩ መስታወት ነው፤ የፊት ማያው ሳይሆን የመስኮቱ ዓይነት። ማታ መብራት ካለበት ክፍል ሆነው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ መልክዎ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያገኙታል፤ ዘዴውም ይኸው ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ሄንሪ ዲርክስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። የእሱ አሠራር ግን አዳራሹን እንደገና መገንባት ስለሚጠይቅ ቲያትር ቤቶች ፊት ነሱት። ጆን ሄንሪ ፔፐር አቃሎት እ.ኤ.አ. በ1862 በገና ዋዜማ ለንደን ውስጥ በሮያል ፖሊቴክኒክ አሳየው። ስሙም «የፔፐር መንፈስ» ሆኖ ቀረ፤ ለዲርክስ ያሳዝናል። ተዋናዩ ከመድረኩ ፊት ለፊት ዝቅ ባለ ጉድጓድ ይደበቃል፤ ኃይለኛ ብርሃን ሲበራበት ወደ ተመልካቹ ያዘነበለው መስታወት ምስሉን ያንጸባርቃል።

ለእናንተ ጉድጓድ አያስፈልግም። መስታወቱን ቀጥ አድርጋችሁ ከተመልካቹ አንጻር በ45 ዲግሪ አቁሙት፤ «መንፈሱ» መስታወቱ በዞረበት ጎን ከመጋረጃ ጀርባ ይሁን። 3 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ከመስታወቱ 3 ሜትር ወደ ኋላ የቆመ ይመስላል። ነጭ ልብስ ይልበስ፤ ከጀርባው ጥቁር ከፈይ ይሰቀል፤ ብርሃን ያገኘ ወንበር ወይም ግድግዳ ሁሉ አብሮ ይታያልና። በዚህ ማዕዘን መስታወቱ የሚመልሰው ካረፈበት ብርሃን አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ መብራቱን እዚያ አጠንክሩት፤ መድረኩን አደብዝዙት። መብራቱ ቀስ ብሎ ሲቀንስ መንፈሱ ይተናል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ልምምድ ሲጎድል ነው። መድረክ ላይ ያለው ተዋናይ መንፈሱን ፈጽሞ ስለማያየው ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ካልተደረገለት ሰይፉን ባዶ ቦታ ላይ ይሰነዝራል። ምስሉ ግራና ቀኙን ይለውጣል፤ በቀኝ እጁ እንዲታይ የፈለጋችሁትን በግራው ይያዝ። ወፍራም መስታወት በሁለቱም ገጹ ስለሚያንጸባርቅ ጠርዙ ድርብ ይሆናል። ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ከረገበ ፊቱን ያጣምመዋል፤ ፍሬም ላይ ወጥሩት። ከመስታወቱ ጀርባ የሚነገር ቃል ስለሚታፈን ትዕይንቱን በእንቅስቃሴ ብታደርጉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሰርከስ መድረክ ለምን ክብ ሆነ? ስፋቱስ?

መልስ፦ በፈረሱ ምክንያት። የቀድሞው ፈረሰኛ ወታደር ፊሊፕ አስትሊ እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ውስጥ ትርኢት ጀመረ፤ በኋላም 42 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ፣ ላይ ጸና። ክቡን የሚዞር ፈረስ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ በሰከንድ 5 ሜትር ቢጋልብ ማጋደሉ 20 ዲግሪ ያህል ነው። ጀርባው ላይ የቆመው ሰውም አብሮ አጋድሎ ሚዛኑን ይይዛል። ክቡ ከዚህ ከጠበበ ፈረሱ እርምጃው ይሰበራል፤ ከሰፋ ደግሞ መሃል የቆመው አሠልጣኝ በረጅም አለንጋውም አይደርስበትም።