ለትንሽ ስቱዲዮ መጀመሪያ የትኛው ማይክ ይገዛ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች የብሎኬት ክፍል አለችህ፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ሳውንድ ካርድህ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ) ሁለት ማይክ ይቀበላል። የሚመጣልህ ሥራ መዝሙር፣ የማስታወቂያ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ማሲንቆና ክራር ነው። ባለህ ብር ሰባት ማይክ በአንድ ሻንጣ የያዘውን የድራም ስብስብ ልግዛ ወይስ አንድ ውድ ኮንደንሰር (ጥቃቅኑን ድምፅ አጥርቶ የሚይዝ፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማይክ) ነው ያልከው። እኔ እንዲህ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ለዓመታት ስቀዳ ኖሬያለሁ። ሁለቱንም አትግዛ እልሃለሁ። መጀመሪያ አንድ ጥሩ ዳይናሚክ (ጠንካራ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ማይክ)፣ ቀጥሎ አንድ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኮንደንሰር ግዛ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራው ራሱ ይነግርሃል።

ስለ ስብስቡ ብዙ አልልም። ሳውንድ ካርድህ ሁለት መግቢያ ካለው አምስቱ ማይኮች ሻንጣ ውስጥ ነው የሚከርሙት። ክፍልህም ድራም አትችልም።

ውዱ ኮንደንሰር ላይ ግን ቆም ብለን እናውራ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው። ክፍልህ መሀል ቁምና አንዴ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ “ጥርርር” እያለ የሚከተል ድምፅ ካለ፣ ትይዩ የቆሙት የብሎኬት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ያ ድምፅ በምትቀዳው ሁሉ ላይ ይገባል። ትራኮቹን ስታቀናብር (ሚክስ ላይ) ኮምፕረሰር፣ ማለትም የጮኸውንና የዘቀጠውን ድምፅ የሚያቀራርበውን መሣሪያ፣ ስታደርግበት ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። ማይኩ በተወደደ ቁጥር ይህን ክፍል አጥርቶ ነው የሚያሰማህ።

“ዳይናሚክ የክፍል ድምፅ አይስብም” ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ነገሩ እንደሚባለው አይደለም። ዳይናሚኩንና ኮንደንሰሩን ከአፍ እኩል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁመህ ጌይናቸውን (የማጉያቸውን መጠን) ብታመጣጥን ሁለቱም ክፍሉን በተቀራራቢ መጠን ይሰማሉ። ለውጡን የሚያመጣው ርቀት ነው። ወደ ማይኩ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ቀጥታ ከአፍ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ግን ባለበት ነው። ዳይናሚክ የሚጠቅምህ በጣም ሲጠጉት ስለሚችል ነው። ዘማሪዋ ሰባት ወይም ስምንት ሴንቲ ሜትር ላይ ቆማ ብትዘምር ድምፁ አይሰነጠቅም፣ “ሰ” እና “ጸ” ጆሮ አይወጉም። በጣም ሲጠጉት የታችኛው ድምፅ ማበጡ አይቀርም። እሱን ከ100 ሄርዝ በታች ባለው ላይ በኢኪው (የታችኛውንና የላይኛውን ድምፅ ለይቶ በሚያስተካክለው) ትንሽ ስትቀንስለት ይስተካከላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ሹር ኤስኤም 57 ላይ ይዋል። ከ1965 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ማይክ ነው፤ ታናሹ ኤስኤም 58 በ1966 ተከተለው። የሁለቱ ውስጥ በጣም ተመሳሳይ ነው፤ ትልቁ ልዩነት ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ወንፊት ነው። ሥራህ ድምፅ ብቻ ቢሆን 58ቱን እመርጥልህ ነበር። ከበሮና ማሲንቆም ስላለብህ ግን 57ቱን ውሰድና ፖፕ ፊልተር (ከአፍ የሚወጣውን ትንፋሽ የሚያግድ ወንፊት) ጨምርበት። ለድምፅም ለመሣሪያም ይሆንሃል።

“ውዱ የሹር ዳይናሚክ፣ ኤስኤም 7ቢስ?” የሚል አይጠፋም። ድምፁ ያማረ ነው፤ እኔም ለትረካ እወደዋለሁ። ነገር ግን የሚያወጣው ሲግናል ደካማ ነው፤ 60 ዲቢ ገደማ ንጹህ ጌይን ይፈልጋል። አነስተኛ ሳውንድ ካርዶች እዚያ ሲደርሱ ሽሽታ ማሰማት ይጀምራሉ። እሱን ገዝተህ ማጉያ ልትጨምርበት ነው። በዚያ ገንዘብ 57ቱንም ኮንደንሰሩንም ይዘህ ትወጣለህ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርህ፦ የእነዚህ ማይኮች ፌኩ ብዙ ነው። ሳጥኑም ጽሑፉም አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከወረደ ተጠራጠር። ኦሪጅናል ኤስኤም 58 ወደ 300 ግራም ይመዝናል፤ በጣም የቀለለ ካጋጠመህ ተወው። ክብደቱ ልክ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኦሪጅናል መሆኑን የምታውቀው ማይክ ያለው ሰው ፈልገህ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አንድ ዓረፍተ ነገር ቅዳባቸው። ፌኩ የታፈነ ወይም የሚጮህ ሆኖ ይሰማሃል። ውጭ አገር ዘመድ ካለህና የሚመጣ ሰው ካገኘህ፣ ከታወቀ ሻጭ ተገዝቶ ቢላክልህ ይሻላል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። እዚህ ላይ የሚመጣልህን ሥራ ተመልከት። ክራር ላይ ጣት ክሩን ሲነካ የምትሰማው ጥርት ያለ ነገር፣ የዋሽንት ትንፋሽ፣ ለማስታወቂያ የሚፈለገው ቀረብ ያለ ብሩህ ድምፅ በ57 ደብዘዝ ይላል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በጣም ጮክ ያለ ድምፅም ይችላል፤ ከበሮ ፊቱ ቢመታ አይጨነቅም። ድክመቱ የራሱ ሽሽታ 20 ዲቢ መሆኑ ነው። ለዘፈንና ለክራር አይሰማህም። በገና የሚቀዳ ሰው ቢመጣ ግን ትሰማዋለህ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ እንዝራው (ከክሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ክሩን ሲነካ የሚሰማው ንዝረት ደግሞ የመሣሪያው ነፍስ ነው። እሱን ለማውጣት ጌይን ስትጨምር የማይኩ ሽሽታ አብሮ ይመጣል። የበገና መዝሙር የሚበዛብህ ከሆነ ትንሽ ታገስና ሮድ ኤንቲ 1ን ግዛ። የእሱ ሽሽታ ከ5 ዲቢ በታች ነው፤ ከበገናው ሥር ጸጥታ ታገኛለህ። ሁለቱም ኮንደንሰሮች 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋሉ። ሳውንድ ካርድህ ሙሉውን መስጠቱን አረጋግጥ።

አሁን በጣም የምወደው ላይ ደረስኩ፤ ማሲንቆ። ለብቻው የሚቀዳ ከሆነ ቆዳው ላይ አትለጥፍበት፤ ሣጥን ሣጥን የሚል በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው የሚሰጥህ። ኮንደንሰሩን 35 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀህ፣ ደጋኑ ጭራውን በሚነካበትና በቆዳው መካከል አነጣጥረው። የደጋኑ ፍትጊያ ከበዛ ወደ ቆዳው አዙረው፤ ከታፈነ ወደ ላይ መልሰው። አራት ጣት የሚያህል መንቀሳቀስ ኢኪው የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል።

ችግሩ አዝማሪ እየተጫወተ ይዘፍናል። ለየብቻ ልቅዳችሁ ስትለው ጨዋታው ይሞታል። ግጥሙና ደጋኑ አብረው ነው የሚተነፍሱት፤ ስለዚህ አብረህ ቅዳው። 57ቱን ለአፉ ስጠው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከአገጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ይመልከት፤ ጀርባው ወደ ማሲንቆው ይሁን። ኮንደንሰሩን ከማሲንቆው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ታች አዘንብለህ አቁመው፤ ጀርባው ወደ አፉ ይሁን። ሁለቱም ካርዲዮይድ ስለሆኑ በጀርባቸው በኩል ብዙም አይሰሙም። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዳቸው ከሚቀዱት ነገር ካላቸው ርቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እዚህ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱን ትራክ አብረህ በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ አድርገህ) ስማ። ድምፁ ከሳና የታችኛው ከጠፋ የአንዱን ትራክ ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጥ፤ የሞላውን ያዝ። ድምፁ ወደ ማሲንቆው ትራክ ትንሽ መፍሰሱ አይቀርም። አያሳስብህ፤ ፈሶ የመጣው ድምፅ ካማረ ሚክሱን ሕያው ያደርገዋል።

ከበሮ ላይ 57ቱን በትልቁ ፊት በኩል፣ ከመሀሉ ወደ ጠርዙ ዘንበል አድርገህ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁም። የትንሹ ፊት ጥፊ ከራቀብህ ኮንደንሰሩን በዚያ በኩል አስገባ።

ከማይክ የሚተርፍህን ገንዘብ ክፍሉ ላይ አውለው። ስስ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የላይኛውን ድምፅ ብቻ ነው የሚውጠው፤ የሚያጉረመርመው የታችኛው ባለበት ይቀራል። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ደራርበህ ከዘፋኙ ጀርባና ግራ ቀኝ ስቀል፤ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከጀርባው ያልኩህ የማይኩ ፊት የሚያየው ዘፋኙንና ከኋላው ያለውን ግድግዳ ስለሆነ ነው። ለቆርቆሮው ግን መድኃኒት የለኝም። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ድምፃዊ አትቅጠር፤ ዝናቡ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። ጠዋትና ማታ ይሻልሃል።

ቀረጻው ላይ “እምምም” የሚል ካለ ማይኩን ከመውቀስህ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ሞክር። ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል። ስታንድ ስትገዛ ከባዱን ምረጥ፤ ኮንደንሰር ተሸክሞ የሚያዘነብል ስታንድ ማይክ ያስሰብራል። ማይኮቹን ስትጨርስ አቧራ ላይ አትተዋቸው፤ ከጫማ ሳጥን የምታገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረህ በቦርሳቸው አስቀምጥ።

ሦስተኛ ማይክ የሚያስፈልግህ የመዝሙር ቡድኖች ሲበዙብህ ነው። ያኔ ሁለት ተመሳሳይ ትናንሽ ኮንደንሰር ጥንድ አድርገህ ትገዛለህ። እስከዚያ ግን አምስት ስድስት ሆነው ከመጡ አንዱን ኮንደንሰር ፊት ለፊት አቁመህ በግማሽ ክብ ደርድራቸው። ድምፃቸው የሚያይለውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልስ፤ ሁለቴ አስዘምራቸውና አንዱን ቀረጻ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጥ። የሳውንድ ካርድህን ሞዴልና የጣሪያውን ከፍታ ጻፍልኝ፤ ብርድ ልብሱ የት የት እንደሚሰቀል ልንገርህ።